ፍርዱ ተሽሯል ወይስ ጸንቷል?

ሰውን ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና በማስጠናት ፌርፋክስ ላይ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ሥራዬ ታክሲ መንዳት ቢሆንም፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ወዳጄ ምግብ ቤቱን ከመክፈቱ በፊት የኋላውን ጠረጴዛ ይዤ አስጠና ነበር። አንድም ሰው ወድቆብኝ አያውቅም። ጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው።

አንድ ሰኞ አንድ ሽማግሌ መጡ። አገር ቤት ዕድሜያቸውን የጨረሱት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው፤ እዚህ መኪና ማቆሚያ ይሠራሉ። ባለቤታቸው አዲስ አበባ ቀርተዋል። እሳቸው ዜጋ ከሆኑ የባለቤታቸው ጉዳይ ቶሎ ያልቃል። ለኢንተርቪው ሁለት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር።

«የእርስ በርስ ጦርነቱን ምን አመጣው ካሉዎት፣ ጀስት ‹ስሌቨሪ› ይበሉ ጋሼ። ሌላ አይጨምሩ፣ ኦኬ?»

«ፍርድ ቤት አልነበራቸውም እንዴ?»

ነበራቸው። በባርነት የተያዘ አንድ ጥቁር ሰው፣ ባርነት በተከለከለበት ምድር ስለኖርኩ ነፃ ነኝ ብሎ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ጥቁር የዚህ አገር ዜጋ ሊሆን አይችልም፣ ስለዚህ መክሰስም አይችልም ብሎ ፈረደበት። ጦርነቱም ብዙ ሳይቆይ መጣ። ይህን ሁሉ ሳስረዳ በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሼ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ፍርዱ ተሽሯል ወይስ ጸንቷል?»

«እሱ ፈተና ላይ አይመጣም።»

«ፈተናውን ተወው። ያልተሻረ ፍርድ ካለ ነገ አንዱ መዝገቡን ያወጣዋል። ይህን ሳላውቅ እጄን አንስቼ አልምልም።»

«ባለቤትዎ እየጠበቁ፣ ጋሼ!»

«እሷንስ ምን ላይ ነው የማመጣት? ለመሆኑ አንተ ስትምል ምን ብለው መለሱልህ?»

አልጠየቅኩም። ዘጠኝ ዓመት ፓስፖርቱን ይዤ ስዞር፣ ምርጫ ስመርጥ፣ ሰው ሳስጠና፣ ነገሩ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። በጣም አፈርኩ።

ያን ቀን ሥራዬን ትቼ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ከጦርነቱ በኋላ ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ፣ እዚህ የተወለደም ሆነ ዜግነት የተሰጠው ሰው ሁሉ ዜጋ ነው ተብሏል። ገጹን ኮፒ አድርጌ መኪና ማቆሚያው ድረስ ወሰድኩላቸው። በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ተሽሯል» አሉና አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ኢንተርቪውን አለፉ። በመሐላው ቀን ድራይቭ አድርጌ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። አዳራሹ ውስጥ ቀኝ እጃቸውን ሲያነሱ፣ እኔም ከእንግዶቹ ወንበር ተነስቼ እጄን አነሳሁ፤ ቃሉን አንድ በአንድ አብሬ አልኩ።

አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ገርሟት አየችኝ። «አንተም ዛሬ ነህ?»

«አዎ» አልኳት።