«እሷ» ያልናት

እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ የሆጤው ቤታችን ኑሮ በአንዲት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሽንቷን መቆጣጠር አትችልም፤ ሶላቷን ግን አትተውም። ለሶላት ደግሞ ልብሷ ጦሃራ፣ ንጹህ መሆን አለበት። እኔ በየዕለቱ አንሶላውን፣ ቀሚሷን፣ ሻርፗን እከታለሁ፣ አወጣለሁ። ማሽኗን የገዛት ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ነው። የልጅነት ግዴታውን በእሷ ያወራረደ መስሎት መምጣቱን ተወ።

አንድ ቅዳሜ ማሽኗ ልብስ እንደሞላች ቀጥ አለች። ውሃ ትወስዳለች እንጂ አትለቅም። ቱቦውን ነቅዬ ነፋሁበት፤ ከታች ያለውን ማጣሪያ ፈትቼ የተጠቀለለ ክር አወጣሁ። ወይ ፍንክች! ጠጋኝ አስጠራሁ። ወንድሜም ይምጣ ተባለ፤ ያለ እሱ ፈቃድ አንዲት ብሎን አትፈታማ።

ጠጋኙ እንደገባ ወደ አልጋው ዞሮ «አሰላሙ ዐለይኩም እናቴ፣ እንዴት ዋሉ?» አላት። የወለደችው ልጅ ግን አልጋዋን በከለለው መጋረጃ አጠገብ አልፎ በቀጥታ ወደ ማሽኗ ሄደ።

«ፓምፗ ተቃጥሏል» አለ ጠጋኙ እጁን እየጠረገ። «ሞተሯም ደክሟል። ብትሠራም ብዙ አትቆይም።»

«አርጅታለች በለኛ!» አለ ወንድሜ። «ስትጮህ ትውላለች፣ ቤቱን በውሃ ታበሰብሳለች። ለእሷ መልፋት ምን ይሠራል?»

ጠጋኙ ስልክ ሊያናግር ወጣ። ይሄኔ ወንድሜ ጠጋ ብሎኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለመሆኑ እሷስ ስንት ጊዜ ይቀራታል? ለዚያች ጊዜ ብሎ ማሽን ማሠራት ምንድን ነው? ኩታበር፣ አክስታችን ዘንድ እንውሰዳት። እዚያ ወንዝ አለ።»

ደሜ ፈላ። «አላህን ፍራ! ሽንትህን አጥባ አይደል ያሳደገችህ?»

«እኔማ ልጅ ነበርኩ፤ አድጋለሁ» አለኝ። «እሷ ከዚህ በኋላ ወዴት ታድጋለች?»

እንዲህ ያለውን ቃል ከጠላትም ሰምቼ አላውቅም።

ከመጋረጃው ጀርባ እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእናቴ ግን ዘመዷ ነበር። ስንገባ ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣለች።

ወንድሜ ቀደመኝ። «እማ፣ ቅር እንዳይልሽ፤ ስለ ማሽኗ ነው የምናወራው።»

እኔም ነገሩ በዚያው ያልፍ እንደሆነ ብዬ «አዎ እማ፣ ስለ ማሽኗ ነው» አልኩ።

ሁለታችንንም በየተራ አየችን።

«ያ ሰውዬ 'እሷ' ሲል ማሽኗን ነው። እሱንማ አውቄያለሁ፤ እኔን አንቱ ነው ያለኝ» አለች። «እኔን 'እሷ' የምትሉኝ እናንተ ናችሁ።»

ወንድሜ ወለሉን ያይ ጀመር።

ጠጋኙ ስልኩን ጨርሶ ተመለሰና «እህ፣ ምን ወሰናችሁ? ትሠራ ወይስ ትቅር?» አለ።

የመለሰችለት እናቴ ናት።

«ትቅር ልጄ። እኔም ኩታበር መሄዴ ነው። ልብሴን ብቻ ከሆዷ አውጣልኝ፤ ዙሁር ደርሷል፣ የምሰግድበት ጦሃራ ልብስ የለኝም።»