ንጉሡን ማን እንደገደለው ሳላውቅ ተሰደድኩ

ከአገሬ ልወጣ ዋዜማ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። እናቴ ታለቅሳለች፣ የእናቴ ጎረቤት ታለቅሳለች፣ ጭራሽ የማላውቃት ሴትዮ በሩን ተደግፋ ትንሰቀሰቃለች። እኔም አለቀስኩ። ወላሂ፣ እንባዬ የቦርከናን ወንዝ ሞልቶ ድልድዩን ሊወስደው ትንሽ ነው የቀረው። ሰዉ ሁሉ «አይ ዘይነባ፣ አገሯን ስትወድ!» አለ። እኔ ግን የማለቅሰው ንጉሡን ማን እንደገደለው ሳላውቅ ልሄድ ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚሴ ገበያ ዳር ሁሴን የሚባል ልብስ ሰፊ አለ፤ ልብስ እየሰፋ በጎን ልብ ወለድ ያከራያል። ወፍራም መጽሐፍ እጁ ሲገባ በምላጭ ለሦስት ይከፍለዋል፣ ሦስቱንም በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለብዶ በስፌት መኪናው ይሰፋቸዋል። አንድ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ለሦስት ሰው ይከራያል ማለት ነው። ተራ መጠበቅ ያቃተው ከመሀል ይጀምራል። ከሚሴ ውስጥ ሠርጉን ሳያውቅ ለፍቺው ያለቀሰ ሰው ስንት አለ መሰላችሁ!

ያኔ የያዝኩት ሽፋኑ የጠፋ፣ ከፈረንጅ የተተረጎመ የቤተ መንግሥት ፍቅር ነበር። ሁሴን በእስክሪብቶ «ልዕልቷ 1»፣ «ልዕልቷ 2»፣ «ልዕልቷ 3» ብሎ ጽፎበታል። ልዕልቷ ልትዳር ዋዜማ፣ አባቷ ንጉሡ እራት ላይ ከጽዋቸው ጎንጨት ብለው እዚያው ክልትው ይላሉ። ማን መረዛቸው? አክስቲቱ አለች፣ ሐኪሙ አለ፣ እጮኛዋ ልዑሉ አለ፣ እሷ በምስጢር የምትወደው የፈረሶቹ ጠባቂ አለ። ሁለተኛው ጥራዝ የሚያልቀው ልዕልቷ ፈረስ ጠባቂዋን እቅፍ አድርጋ ሳለ እጇ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይገባና የመርዝ ብልቃጥ ሲነካ ነው። እንግዲህ ይሄን አንብቦ ማን ይተኛል?

ባሌ ሙሄ ባጃጅ ነጂ ነው። መጽሐፍ ይዤ ባየኝ ቁጥር ይነዘንዘኛል።

«ንጉሥ ምን ሊያደርግልሽ ነው?»

«ሙሄ፣ ፍቅር ብቻውን ስኳር ነው፣ ግድያ ብቻውን ኮሶ ነው። የሚወዱት ሰው ገዳይ ይሁን አይሁን አለማወቅ፣ ጣዕሙ እሱ ላይ ነው። ትዳርስ ሌላ ምንድን ነው?»

«እሺ፣ ቤተ መንግሥቱ ለምን አስፈለገ?»

«ምስጢር ቦታ ይፈልጋላ! መቶ ክፍል ያለው ቤት ነው ምስጢር የሚይዘው። እኛ በዚች አንዲት ክፍል ምን እንደብቃለን? አንተ ስታስነጥስ ጎረቤት ነው ይርሐሙከላህ የሚልህ።»

የተሰደድኩትም ለዚሁ ነው፤ ቤታችን ላይ ሁለተኛ ክፍል ለመቀጠል። ሌላው ሰው ለሀብት ይሰደዳል፣ እኔ ለግድግዳ።

ያን አመሻሽ አልቃሾቹን ጥዬ ሁሴን ዘንድ ሮጥኩ። ሦስተኛውን ጥራዝ ጨፋ ሮቢት የሚያስተምር አንድ መምህር ወስዶታል።

«ሁሴን፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ማን ገደላቸው?»

«እኔ እሰፋለሁ እንጂ አላነብም» አለኝ፣ ክር በጥርሱ እየበጠሰ። ፊቴን ሲያይ አዘነልኝ መሰል ሁለተኛውን ጥራዝ ሰጠኝ። «ይዘሽው ሂጂ፣ ደግመሽ እያነበብሽ ፍንጭ ፈልጊ። ኪራይ መሆኑን ግን አትርሺ፤ ስትመለሺ ትመልሺዋለሽ።»

ጂዳ አየር ማረፊያ ፈታሹ ሻንጣዬን በረበረው። በርበሬውን አሸተተ፣ አስነጠሰ። በሶውን አየ፣ ወደ ጎን ገፋው። መጽሐፉን ሲያገኝ ግን ዓይኑ ፈጠጠ። ከመድረሳ በቀረችኝ አረብኛ ተያያዝነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቂሳ ነው፣ ተረት።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ንጉሥ።»

«የት ያለ ንጉሥ?»

«ሞቷል።»

«ማን ገደለው?»

«እሱን አይደል እንዴ የማላውቀው!»

አለቃው ተጠራ፣ የአለቃው አለቃ ተጠራ። ቀሪው የት ነው ሲሉኝ «ጨፋ ሮቢት፣ መምህሩ ቤት» አልኳቸው፤ ጻፉት። በመጨረሻ እዚያው የሚያጸዳ አንድ ያገሬ ልጅ እንዲያነብላቸው መጥረጊያውን አስጥለው አመጡት። ቆሞ ጀመረ፣ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጦ ቀጠለ። ፈታሾቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። ቀና ብሎ «ችግር የለበትም» አላቸውና ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ «እሺ፣ ብልቃጡን ካገኘች በኋላስ?» አለኝ።

የገባሁበት ቤት ራሱ ቤተ መንግሥት ነበር። እናንተ ከሚሴ ያላችሁ፣ ልትሄዱ ሻንጣ የገዛችሁ እህቶቼም፣ ልብ በሉ፦ በዚያ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ ሳህን የሚያጥብ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ጂዳ ስደርስ ማን እንደሚያጥብ ገባኝ። ሙቀቱን ደግሞ አታንሱብኝ፤ የከሚሴ ፀሐይ ከጂዳዋ አጠገብ የጨረቃ ታናሽ እህት ናት። ወተቱ ከካርቶን ይወጣል፣ ላሟን ያያት የለም። ሩዝ በላይ በላዩ ይበላሉ፤ እኔ በህልሜ የጨፋ ማሽላ እሸት እየፈለፈልኩ ጥርሴን አፋጫለሁ።

የቤቱ ጌታ ባባ ነው፣ ሚስቱ ማዳም፣ እናቱ ሐጃ። ሐጃ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ልባቸው ታሞ፣ ምግብ አሻፈረኝ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። እኔ ላጥባቸው፣ ላጎርሳቸው ተቀጠርኩ። አንድ ቀን ሾርባው ማንኪያ ላይ ሲቀዘቅዝ ጨነቀኝና «ሐጃ፣ አንድ ንጉሥ ነበሩ፣ እራት ላይ…» ብዬ ጀመርኩ። ንጉሡ ሲወድቁ ሐጃ ዞሩ። ልዕልቷ ስትጮኽ አንድ ማንኪያ ዋጡ። ብልቃጡ ጋ ስንደርስ ሳህኑ ባዶ ነው።

«ማን ገደለው?» አሉኝ።

«አላውቅም፤ ሦስተኛው ከሚሴ ቀረ።»

«ያ ረቢ!» ብለው ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥተው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ እረፍት የለም። ሐጃ ጠዋት ሐኪሙን ይጠረጥራሉ፣ ማታ አክስቲቱን። እኔ ሞኝ አንድ ቀን አፌ አምልጦኝ ስለ አውጫጭኝ ነገርኳቸው፦ በእኛ አገር ከብት ሲሰረቅ ወይ ሰው ሲገደል የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይቀመጣል፣ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሐጃ ዓይናቸው በራ። «ሁሉንም ጥሪልኝ! በሩን ዝጊ!»

ሹፌሩን ከሪምን ሐኪም አደረጉት። ምግብ አብሳይዋ ሲቲ አክስት ሆነች። እኔ ፈረስ ጠባቂው ነኝ። ሐጃ ዳኛ ሆነው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ።

«አንተ ሐኪም፣ ጽዋውን ማን አቀበለው?»

«ወላሂ ሐጃ፣ እኔ መኪና እያጠብኩ ነበር!»

«በዚያ ዘመን መኪና የለም! ውሸታም!»

ሲቲ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ወጥ እንጂ መርዝ አልሠራሁም!» ስትል ማዳም ከገበያ ገባች። «መርዝ» የምትለዋን ቃል ብቻ ሰማች። እየጮኸች ወደ ወጥ ቤት ሮጣ የእራቱን ሩዝ፣ ከብሳውን ከነሙሉ ጠቦቱ፣ ቆሻሻ ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«ማን ነው የመረዘው?»

«ማዳም፣ እሱን እያጣራን ነው።»

«ኸላስ፣ በቃ! ነገ ቲኬትሽ ይቆረጣል!»

ማዳም ደውላለት ባባ እየነዳ መጣ። ሲገባ እናቱ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። ቆሞ አያቸው፤ ሲስቁ ካያቸው ዓመት አልፎታል። ኮሪደር ላይ ጠራኝ።

«ይህ ታሪክ መቼ ያልቃል?»

«መጨረሻውን ሳገኝ።»

«እንዳታገኚው» አለኝ። «እናቴ ገዳዩን ሳላውቅ አልሞትም ብላለች፣ ሰምቻታለሁ። ያለቀ ቀን የአንቺም ሥራ ያልቃል።»

እንጀራዬ እንግዲህ ገዳዩ ባለመታወቁ ላይ ተንጠለጠለ። እኔ ደግሞ ማወቅ ፈልጌ እየተቃጠልኩ ነው! አርብ ስልክ ሲፈቀድልኝ ሙሄን «ጨፋ ሮቢት ሂድና ሦስተኛውን አምጣልኝ» አልኩት። ንጉሥ ምን ያደርግልሻል ሲል የነበረው ሰው ሄደ። በሳምንቱ ድምፁ ተለውጧል።

«ዘይኑ፣ ይሄ ልዑል ግን ጤነኛ ነው?»

«አነበብከው?»

«እያነበብኩ ነው። ተሳፋሪ አውርጄ አነባለሁ፣ ሳልጭን አነባለሁ። ትናንት አንዱን ሐጂ አሳፍሬ ብልቃጡን እያሰብኩ መውረጃቸውን አሳለፍኳቸው።»

ሌላ ሳምንት ስደውል «ጨረስኩት» አለኝ።

«በል ማን ነው?»

«ኮቱ፣ እነግርሻለሁ።»

ሙሄ በአማርኛ ይቀልዳል፤ ከልቡ ሲሆን ወደ ኦሮምኛ ይገባል። «ኮቱ» አለኝ፣ ነይ ማለቱ ነው። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ ፍታኝ አልኩት። ነይና እነግርሻለሁ ነው መልሱ።

ሁለት ዓመት ሞላ። የሐጃ የልብ ሕመም ባሰ፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ተባለ። በማግስቱ ሆስፒታል ሊገቡ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ እጄን ያዙኝ።

«ዘይነብ፣ ሳላውቅ ቢላዋ ሥር አልገባም።»

ባባ በር ላይ ቆሟል። ያ እንዳታገኚው ያለኝ ሰው የራሱን ስልክ አወጣ። «ደውዪ» አለኝ፣ እያቀበለኝ። «ንገሪያት፣ ሥራሽን አልነካም።»

ደወልኩ። «ሙሄ፣ ቀልድ የለም፤ እኒህ ሴትዮ ነገ ሊሞቱ ይችላሉ። ማን ነው?»

ከወዲያ የባጃጁ ሞተር ሲንተከተክ ይሰማኛል። አጠፋው።

«አልጨረስኩትም» አለኝ። «ዋሽቼሽ ነው። ጥቂት ገጽ ሲቀረኝ አጠፍኩት።»

«ለምን?»

«ጨርሼው ለማን አወራዋለሁ? አብረን እናነበዋለን ብዬ ነው።» ከዚያ ቀስ ብሎ «ይዤዋለሁ፣ መቀመጫው ሥር ነው። ላንብብልሽ?»

«ምን አለ? ምን አለ?» ይላሉ ሐጃ። ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ባባ ወደ አልጋው ተጠጋ።

«ዝጊው!» አሉ ሐጃ ድንገት። «እንዳያነብ! ሰውየው ሚስቱን ጠብቆ ነው፣ በስልክ አይሰማም! እኔም እጠብቃለሁ በይው።»

በማግስቱ ሐኪሞቹን እየተቆጡ ገቡ፣ እየተቆጡ ወጡ። ሲነቁ የመጀመሪያ ቃላቸው «አነበበው እንዴ?» ነበር።

ይኸው ዛሬም አሉ፤ ግማሽ ጠቦት ይበላሉ። እኔም ጂዳ ነኝ። ሁለተኛው ክፍል ተሠርቶ አልቋል፤ ሙሄ በአንዱ ይተኛል፣ በሌላው መጽሐፉን ቆልፎበታል። በመጨረሻ ምስጢር የሚይዝ ቤት አለን። ልሂድ ስል ሐጃ ቀሚሴን ይይዛሉ። «ከሄድሽ ታነቢዋለሽ፤ ካነበብሽው ያልቃል» ይሉኛል። የቀረውን አይናገሩትም።

ያለፈው አርብ ሙሄ ራሱ ደወለ።

«ሁሴን መጽሐፌን መልሱልኝ አለ። ምን ልበለው?»

«ገና እየተነበበ ነው በለው።»

በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ይሰማኛል፤ ከሚሴ ክረምት ገብቷል።

«ኮቱ፣ ዘይኑ» አለኝ።

«ምን አለ?» አሉኝ ሐጃ፣ ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው።

ስልኩን በአንድ እጄ ጆሮዬ ላይ፣ እጃቸውን በሌላው እጄ እንደያዝኩ ዝናቡን አዳመጥኩ።