ሬዲዮና የሚስቱ ትንፋሽ

ሰውየውን ሬዲዮ ያሉት አለምክንያት አልነበረም። ጠዋት የፀጉር ቤቱን የብረት መዝጊያ ሽቅብ ሲገፋ የከፈተውን አፍ ማታ መዝጊያውን ሲያወርድ ነው የሚዘጋው። ከባቡር ድልድይ ሥር ባለችው ጠባብ ቤት ውስጥ ሦስት ወንበሮች ነበሩት፤ አንደኛው እግሩ የተሰበረ ስለሆነ ፎጣ ይከመርበታል። ባቡር ከላይ ሲያልፍ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ሬዲዮ ያን ጊዜ መቀሱን ከደንበኛው ጆሮ ራቅ ያደርግና ድምፁን ከባቡሩ በላይ አንስቶ ወሬውን ካቆመበት ይቀጥላል።

የሚመጡት አብዛኞቹ የአገሩ ልጆች ናቸው። በሰው አገር ሳምንቱን ሙሉ "እሺ"ና "አመሰግናለሁ" ሲል የከረመ አፋቸውን እዚያ መጥተው ያፍታቱታል። ፀጉሩ ሰበብ ነው። እንዲያውም አንዱ ራሱ እንደ እንቁላል የተላጠ መላጣ ሆኖ ሳለ በየሳምንቱ አይቀርም ነበር።

ሚስቱ ከመጋረጃው ጀርባ ባለችው ክፍል ፎጣ ትተኩሳለች። ይሄ ከሥራ መልስ የምትሠራው ነው፤ ዋናው ሥራዋ ላውንደሪ ነበር። የላውንደሪው እንፋሎትና የማጽጃው ሽታ በዓመታት ውስጥ ሳንባዋን ቀስ አድርጎ በላው። ሐኪሞቹ አስም አሉት። ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ ግድግዳ ትደገፋለች፣ ከሰው ጋር እያወራች ቃሉን ሳትጨርስ ሳሉ ይቀድማታል።

ሬዲዮ በሳሏም ይቀልድ ነበር። ማበጠሪያውን ደረቱ ላይ ይለጥፍና ጎንበስ ብሎ እህህ እያለ ያስላል፣ ዓይኑን ያፈጣል፣ ከዚያ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ወርውሮ "ታክሲ!" ብሎ ይጮሃል። ጥሏት የሄደውን ትንፋሿን በታክሲ ተከትላ ልታመጣው መሆኑ ነው። ቤቱ በሳቅ ይናጋል። እሷም ከመጋረጃው ጀርባ እየሳቀች "አንተ የማታፍር!" ትለዋለች። ይሄኛው ሳቅ የቤተሰብ ሳቅ ነበር፤ የሚስቀውም የሚሳቅባትም ልብ ለልብ ይተዋወቃሉ።

አንድ ክረምት ግን ቀልዱ አላስኬድ አለ። ሆስፒታል ገብታ ወጣች፣ ደግማ ገባች። ሐኪሙ ሬዲዮን ለብቻው ጠርቶ "ይህ ከተማ ለሷ አይሆንም፤ አየሩ ንጹሕ የሆነ ቦታ ውሰዳት" አለው። ሬዲዮ ነገሩን ይዞ ፀጉር ቤት ገባ። ሌላ ምክር ቤት አልነበረውም።

"ገጠር?" አለ ከደንበኞቹ አንዱ የሆነው ግንበኛው፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ። "ከገጠር ሸሽተን አይደል እንዴ ባሕር የተሻገርነው?"

"የነሱ ገጠር እኮ ሌላ ነው" አለ መላጣው። "መንገዱ አስፋልት፣ መብራቱ የማይጠፋ፣ ኮሽታ የለም።"

"ሰውስ?"

"ሰው እንኳ ብዙም የለም።"

"ታዲያ ሬዲዮ እዚያ ሄዶ ምን ሊያስተካክል ነው? ዛፍ?"

ሳቁ። ሬዲዮም ሳቀ፣ ግን አንጀቱ አልሳቀም። ይቺ ቤት፣ ይሄ ጫጫታ፣ እነዚህ ሥራ ፈቶች ሕይወቱ ናቸው። ይሄኔ መጋረጃው ተከፈተና ሚስቱ ብቅ አለች።

"እናንተ የምትፈልጉት ወሬ ነው" አለች። "እኔ የምፈልገው አየር ነው።"

ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

መንደሯ ከኮረብታ ሥር ያለች ናት። አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት፣ አንድ መጠጥ ቤት አላት፤ ብዙዎቹ ቤቶች መስኮታቸው ተዘግቷል፣ ምክንያቱም ልጆቹ አድገው ወደ ከተማ ሄደዋል። ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ ባለ ቤት ውስጥ ሬዲዮ የፊቱን ክፍል ፀጉር ቤት አደረገው። አንድ ወንበር ተከለ፣ መስታወቱን ሰቀለ። መስታወቱ ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አይልም። ሰው ለሚንቀጠቀጥ መስታወት ይናፍቃል ቢሉት ኖሮ አያምንም ነበር።

ሚስቱ ግን ሰው ሆነች። መጀመሪያ ደረጃውን ሳትቆም ወጣች። ቀጥሎ ኮረብታውን እየዞረች መምጣት ጀመረች፣ ጉንጯ ሞላ፣ ሲሸሻት የኖረው እንቅልፍ ተመለሰላት። አንድ ቀን በመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር በኩል ስታልፍ የምታለቅስ ልጅ አባበለች፤ በዚያው ገብታ ቀረች። ረዳት አድርገው ቀጠሯት። ምሳ ታበላለች፣ ጫማ ታስራለች፣ ቀን ቀን ታስተኛቸዋለች። የራሷ ልጅ አልነበራትም፤ ይሄንንም አንስታ የምታወራ ሴት አልነበረችም። አሁን ግን ማታ ራት ላይ "ያቺ ጥርሷ የወለቀው ደግሞ ዛሬ ምን አለች መሰለህ" ብላ ትጀምርና ሬዲዮን ራሱን አድማጭ ታደርገዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ለምናዋለች። "ስለ ሕመሜ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። እዚህ የሚያውቁኝ ጤነኛ ሆኜ ነው። ለምን መጣችሁ ካሉህ ጸጥታ ፈልገን በል።"

"አፌን በመርፌ ልስፋልሽ እሜቴ?"

"ብትሰፋው ደስ ባለኝ።"

መንደርተኛው በእርግጥም ይጠይቅ ነበር። ሬዲዮ "ጸጥታ ፈልገን" ይላል፤ እነሱም "አሃ" ብለው ዝም ይላሉ። አያምኑትም። የገዛ ልጆቻቸው ጥለውት የሄዱትን መንደር የውጭ ሰው ወዶት መጣ ሲባል እንዴት ይመኑ? የሆነ የሚደብቁት ነገር አለ ብለው ያስባሉ፤ በዚህስ አልተሳሳቱም።

ሬዲዮን የገደለው ግን ወንበሩ ላይ ያለው ዝምታ ነው። ሰው ይገባል፣ "አሳጥረው" ይላል፣ ከዚያ ድንጋይ ሆኖ ይቀመጣል። ስለ ዝናቡ ቢያነሳ "አዎ" ነው መልሱ። ስለ ከተማ ቢያወራ "እንደዚያ ነው?" ይሉታል። በደረቁ ቋንቋቸው ተጣጥሮ የቀመመው ቀልድ መሬት ወድቆ ይቀራል። መቀሱ ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል። አንዳንዴ ደንበኛ ሲወጣ ሬዲዮ በሩን ዘግቶ በአገሩ ቋንቋ ለመስታወቱ ያወራ ነበር።

ዝናብ በያዘበት አንድ ቀን ፖስተኛው ገባ። ደልደል ያለ፣ ፊቱን የማያጠቁር ሰው ነው፤ ሥራው ከቤት ቤት ስለሆነ ከመንደሩ ሰው ሁሉ ጥቂት ፈታ የሚለው እሱ ነው። ተቀመጠና ጨርቁ አንገቱ ላይ ሲታሰርለት "እስቲ እውነቱን ንገረኝ" አለ። "ሰው ከተማ እያለለት እንዴት እዚህ ይመጣል?"

"ጸጥታ ፈልገን።"

"አንተ? ጸጥታ?" አለና ፖስተኛው ሳቀ።

በዚያ ወንበር ላይ ሰው ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። ሬዲዮ ውሃ ጥም ያቃጠለው ሰው ጠብታ ሲያገኝ እንደሚሆነው ሆነ። "ኧረ የሚስቴ ሳንባ ከከተማው ጋር ተጣልቶብኝ ነው" አለ። ፖስተኛው ደገመው፣ ሳቀ። "ሐኪሙ ወይ ሳንባዋን ቀይር ወይ ሰፈር ቀይር አለኝ። ሰፈር ረከሰ።" ፖስተኛው ከት ብሎ ሳቀ። ከዚህ በኋላ ማን ያቁመው? ቃል የገባላት ሚስቱ ትዝ አላለችውም ማለት ውሸት ነው፤ ትዝ ብላዋለች፣ ግን ሳቁ በለጠበት። ማበጠሪያውን ደረቱ ላይ ለጠፈ፣ ጎንበስ አለ፣ አሳለ፣ ዓይኑን አፈጠጠ፣ እጁን ወረወረ፤ "ታክሲ!"

ፖስተኛው ጨርቁ ከአንገቱ እስኪወድቅ ሳቀ። በዚያ ቀን ሬዲዮ ራት በልቶ የጠገበ ያህል ደስ ብሎት ዋለ።

ፖስተኛው ክፋት አልነበረውም። ቀልዱን ወዶት ዳቦ ቤት አሳየ፣ መጠጥ ቤት አሳየ፣ ቤቱ ገብቶ ለልጆቹ አሳየ። ከተማ ቢሆን ያ ነገር በባቡሩ ጩኸት ተውጦ ይቀር ነበር። እዚህ ግን የሚውጠው ድምፅ አልነበረም። በየደጁ ሲደርስ ቀልዱ እየሟሸሸ የሳንባ በሽታው ወሬ ብቻ ቀረ። ሬዲዮ ደንበኛ ሲጠፋበት "የእርሻ ሰሞን ነው" አለ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ መልሱን እጁ ላይ ማስቀመጥ ትታ ባንኮኒው ላይ ስትገፋለትም ምንም አልጠረጠረም።

አንድ ረፋድ ሚስቱ ሽርጧን በከረጢት ይዛ ቤት ገባች። ኃላፊዋ "ትንሽ ዕረፊ" ብላታለች። እናቶቹ ልጆቻችንን የሳንባ በሽተኛ እንዴት ታስተኛቸዋለች ብለው ትልቅ ጭቅጭቅ አንስተዋል። ሚስቱ ተስፋ አልቆረጠችም፤ ሕመሙ አስም ነው፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም የሚል የሐኪም ማስረጃ ይዛ ተመለሰች። ኃላፊዋ አንብባ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። "እኔ አምንሻለሁ" አለቻት። "እነሱ ግን ልጆቹን ሊያስቀሩብኝ ነው። ልጆች ከሌሉ ደግሞ ቤቱ ይዘጋል።"

"ማን ነግሯቸው ይሆን?" አለች ማታ ለባሏ። "አንድም ቀን እፊታቸው አስዬ አላውቅም።"

"ማን ያውቃል" አለ ሬዲዮ፣ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ። "የሐኪም ቤት ሰው ይሆናላ።"

"ሊሆን ይችላል" አለች እሷም። ያመነችው ማመን ስለፈለገች ነው።

ጥቂት ቀናት አለፉና ዳቦ ልትገዛ ወጣች። በመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ላይ ያቺ ጥርሷ የወለቀው ልጅ ተንጠልጥላለች። ሴትየዋን ስታይ ፊቷ በራ። ልታስቃት ፈልጋ እጇን ደረቷ ላይ ለጠፈች፣ ጎንበስ ብላ አሳለች፣ ዓይኗን አፈጠጠች፣ ከዚያ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ወርውራ በቀጭን ድምፅ "ታክሲ!" አለች። ከዚያም ሳቅ ጠበቀች።

ሴትየዋ ዳቦውን ሳትገዛ ተመለሰች። ሬዲዮ ምላጭ እያጸዳ ነበር። ምንም ሳትል ሄዳ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠችና በመስታወቱ ውስጥ አየችው።

"ታክሲ ጥራልኝ" አለችው።

"የምን ታክሲ? እዚህ ታክሲ የት..." ብሎ ጀመረና ማጽዳቱን ተወ።

"እኮ" አለች። "እዚህ ታክሲ የለም። ልጅቷ ከየት አመጣችው?"

ብትሰድበው፣ ብትጮህበት፣ የያዘውን ምላጭ ቀምታ ብትወረውርበት በወደደ። አፉን ከፈተ።

"ዛሬስ ዝም በል" አለችው። "ለአንድ ቀን እንኳ።"

ከከተማ ይዘውት የመጡትን ሻንጣ ስታወርድ "ሳንባሽስ?" ብሎ ተማጸናት። "ሳንባዬ ድኖ ነበር" አለች። "አንተ ነህ መልሰህ ያሳመምከው። እዚያ ብዙ የሚያስል ሰው አለ፤ ማንም ዞሮ አያይም። እዚህ አየሩን እየሳብኩ ሰው ሲሸሸኝ ማየት አልችልም።" መንደሩን ለቀው ሲወጡ ፖስተኛው ብቻ እጁን አውለበለበላቸው። በእሱ ቤት ወዳጆቹን መሸኘቱ ነው።

የድልድዩ ሥር ቤት ተከራይ አላገኘም ነበር፤ ባቡር ከራሱ ላይ የሚሄድበትን ቤት ማን ይፈልጋል። መጋረጃው ተሰቀለ፣ መስታወቱም እንደ ድሮው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግንበኛው፣ መላጣው፣ ሁሉም እየተጠራሩ መጡ። ሬዲዮ ግን "ላሳጥረው?" ይላል፣ ከዚያ መቀሱ ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል።

"ባትሪው አልቆ ነው" አለ መላጣው። "ገጠር ባትሪ ይጨርሳል።"

"እስቲ ያቺን የታክሲዋን" ይሉታል። አይመልስላቸውም። ሚስቱም ከመጋረጃው ጀርባ ፎጣ ትተኩሳለች፤ ከሱ ጋር የምታወራው "ፎጣው አለቀ"ና "ራት ቀርቧል" ብቻ ነው። ሳሉ ከነጓዙ ተመልሷል። ሬዲዮ በየሳሏ መቀሱን ያቆማል፣ ሲያልፍላት ይቀጥላል። ደንበኞቹ ይሄን ልብ አላሉም፤ የሷን ሳል እንደ ባቡሩ ለምደውታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ግንበኛው ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል፣ መላጣው ከሌሎቹ ጋር ስለ ኳስ ይጨቃጨቃል። ባቡር ከላይ አለፈ። ባቡሩ ሲርቅ ከመጋረጃው ጀርባ የመተኮሻው ጠረጴዛ ሲወድቅ የሰማው ሬዲዮ ብቻ ነው። መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። ሚስቱ ወለሉ ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ አፏን ከፍታ ነበር፤ የሚገባ አየር ግን የለም። ከንፈሯ ጠቁሯል።

ሬዲዮ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ተወርውሮ ወደ መንገዱ ወጣ። ማበጠሪያው በግራ እጁ ቀርቷል፤ የሚሰነጠቅ የመሰለውን ደረቱን በሱ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ እያለከለከ፣ ቀኝ እጁን ወደ መኪናዎቹ ዘረጋ።

"ታክሲ!"

ግንበኛው በጩኸቱ ዓይኑን ገለጠና በመስኮቱ አየው። "ኧረ ጉድ! ሬዲዮ ተከፈተ!" አለ። ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ መላጣው አጨበጨበ፣ ቤቱ እንደ ድሮው በሳቅ ተናጋ። "አንተ የማታፍር" የሚል ድምፅ ግን ከመጋረጃው ጀርባ አልመጣም።