ጥጃው የቀረበት ጨዋታ

አልጋነሽ ንብረት በፎገራ ወረዳ፣ ወረታ ከተማ ኮምፒውተር ማስተማር ከጀመረች አራተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ማሠልጠኛው ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ የሩዝ መፈልፈያ ጎን ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ስድስት ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ ሁሉም በሌላ መሥሪያ ቤት አገልግለው የመጡ ያረጁ ፔንቲየሞች።

ተማሪዎቹ ልምምዳቸውን ሲጨርሱ ጨዋታ ይጠይቃሉ። ከጎንደር ሲዲ ገዝተው የሚመጡም ነበሩ። ሽፋኑ ላይ መኪናው እሳት እየተፋ ይበራል፤ ሲጭኑት ግን ወይ ማሽኑ ጭራሽ ይቆማል፣ ወይ መኪናው እንደ ኤሊ ይንፏቀቃል። በየዓመቱ የሚወጣው ጨዋታ ካምናው የበለጠ ሜሞሪ ይፈልጋል።

“ይኼ ሁሉ ለእኛ አልተሠራም፤ በእኛ ማሽን የሚሄድ አንድ ልሥራ እንዴ?” አለች አንድ ቀን ለአለምነህ።

አለምነህ ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚያው ማሠልጠኛ የሥዕልና የዲዛይን ፕሮግራሞችን የሚያስተምር ሰው ነው። ወረታ ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ የምታወራው ከእሱ ጋር ብቻ ነበር። ምሳ አብረው ይበላሉ። እናቷ የሞቱ ጊዜ መንደሯ ቁሐር ሚካኤል ድረስ በጭቃ በእግሩ ሄዶ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጧል። እሷ ይህን አልረሳችለትም።

“ሥሪያ፣ ማን ከለከለሽ?” አላት።

ሠራችው። ነገሩን ያገኘችው ከ1998ቱ ጎርፍ ነው። ያን ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ መንደራቸውን ሲያጥለቀልቅ እቤት ነበረች። አባቷ አቶ ንብረት ላሞቹን ከውኃው ለማውጣት በዱላ ቢሏቸው፣ ቢጮኹባቸው፣ አንዷም ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ የአንዷን ጥጃ አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና ወደ ጉብታው መውጣት ጀመሩ። እናቲቱ እየጮኸች ተከተለች፤ ሌሎቹም ከኋላዋ ወጡ።

ጨዋታው ይኸው ነው። ውኃው ይጨምራል፤ ተጫዋቹ ጥጃዎቹን እየተሸከመ ጉብታው ላይ ያወጣል፤ እያንዳንዷ ላም የራሷን ጥጃ ፈልጋ ትሄዳለች። የሩቁን ጥጃ ካስቀደመ የቅርቦቹ ላሞች ይበተኑበታል፤ እህሉን ላድን ካለ ጥጃው ይወሰዳል። ላሟ ቡናማ አራት ማዕዘን ናት፣ ከላይ ሁለት ጭረት ቀንድ ያላት። ውኃው ሰማያዊ መስመር ነው። አሮጌዎቹ ማሽኖች ላይ ያለ ችግር ሄደ። ተማሪዎቹ ወረፋ ያዙለት።

አባቷም ለገበያ የመጡ ቀን ጎራ ብለው አዩት።

“ይቺ ላም ናት?” አሉ።

“አዎ፣ አባየ።”

“ላም አትመስልም።” ቁጭ አሉና ቁልፉን እንዴት እንደሚነኩ አሳየቻቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ፣ “ላምስ ላም ናት” አሉ።

በዚያው ሰሞን ባሕር ዳር የወጣቶች የፈጠራ ውድድር መኖሩ ተሰማ። አለምነህ ልቡ ተነሣ።

“ሥዕሉን ለእኔ ተይው፣ አሳምረዋለሁ። በሁለታችን ስም አስመዘግባለሁ። አንቺ የእኔንም ክፍል ደርበሽ ያዥልኝ።”

የጻፈችውን ፕሮግራም በሙሉ በሲዲ ገልብጣ ሰጠችው፤ ይዞት ባሕር ዳር ሄደ። ለሦስት ወር የሁለት ሰው ሥራ ሠራች። ስልክ ስትደውል፣ “ገና ነው፤ ሲያልቅ እነግርሻለሁ” ይላታል።

አንድ ቀን ምግብ ቤት ምሳ ስትበላ ቴሌቪዥኑ የአለምነህን ድምፅ አሰማ። ቀና አለች። የውድድሩ አሸናፊ ተብሎ ከሚያብረቀርቅ ኮምፒውተር አጠገብ ቆሟል። ጋዜጠኛው ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ጠየቀው። “ፎገራ ሳለሁ ጎርፉን አስብ ነበር” አለ። “ብቻዬን ነው የሠራሁት።” አልጋነሽ የጠቀለለችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

ዕቃውን ሊወስድ በመጣ ጊዜ ጨዋታውን በሲዲ አምጥቶላት ነበር። ስድስቱም ማሽኖች ላይ ሞከረችው፤ አልከፍት አሉ፤ ግራፊክስ ካርድ ይጠይቃል። አንድ መሥሪያ ቤት ሄዳ አዲስ ኮምፒውተር ለምና ጫነችው። ያምራል፤ አልካደችም። ውኃው ያብለጨልጫል፣ ሣሩ በነፋስ ይተኛል፣ ከበስተጀርባ የጣራ ገዳም ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይታያል። ላሞቹ ግን ጠቅ ወዳደረገችበት ሁሉ ዝም ብለው ይሄዳሉ። ጥጃ የለም። በስተመጨረሻ የመጣው ስም አንድ ነው።

ስትመለስ ማሠልጠኛው በር ላይ ዕቃውን ሲጭን አገኘችው።

“ጥጃዎቹስ?” አለችው።

“ማሽኑን ያከብዳሉ። እያንዳንዷ ላም ጥጃዋን ስትፈልግ ሥዕሉ ይንቀራፈፋል። ሰው የሚያየው ሥዕሉን ነው፣ አልጋነሽ።”

“ስሜስ? እሱም ያከብዳል?”

ሻንጣውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። “ቅጹ የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው የሚቀበለው።”

“ታዲያ ለምን የእኔን አልጻፍክም?”

ሻንጣውን ጫነ። አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ሄደ።

መንደር ስትሄድ አባቷ ጨዋታው ማሸነፉን ሰምተው ደስ ብሏቸው ጠበቋት። “ያ እናትሽን የቀበረው ልጅ አይደል? ደግ ልጅ ነው፤ እግዜር ይባርከው” አሉ። አልጋነሽ አሜን ለማለት አልቻለችም፤ እውነቱን መንገርም አቃታት። ተነሥታ ወደ ከብቶቹ በረት ሄደች።

ማሠልጠኛው በዓመቱ ሁለት አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገዛ። ተማሪዎች “የአለምነህን ጨዋታ ጫኝልን” ይሏት ጀመር። አንድ ቀን የራሷን ከፍታላቸው፣ ከዳባት የመጣች አዲስ ተማሪ ጥቂት አየችና ሳቀች። “ቲቸር፣ ከእሱ ገልብጠሽ ነው? ሥዕሉ አላማረም።” ምንም ክፋት አልነበራትም። አልጋነሽ ዘጋችው፤ ከዚያ በኋላ ለማንም አልከፈተችውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወረታ መናኸሪያ ድንገት ተገናኙ። አለምነህ ወደ ጎንደር የሚያልፍ ነበር። እጁን ዘረጋ፤ ሰው ስለሚያይ ጨበጠችው።

“አሁንም ጨዋታ ትሠሪያለሽ?” አላት ፈገግ ብሎ።

“ትቼዋለሁ” አለችው።

ውሸቷን ነበር። በዚያ ሳምንት አዲስ ጀምራለች፤ በሩን ቆልፋ፣ ብቻዋን።