የዓሣ ሣጥኑን ጀርባ የቀባሁ ጊዜ

በሕይወቴ ካጠፋኋቸው ጥፋቶች አንዱን የሠራሁት በብሩሽ ነው። አሶሳ ተከራይቼ እኖርበት በነበረው ቤት የዓሣ ሣጥኔን የኋላ መስታወት ሰማያዊ ቀባሁና፣ አልጋ ላይ ለዋሉ አንዲት አሮጊት የቀረቻቸውን አንዲት መስኮት ዘጋሁባቸው። እሳቸው ደግሞ መርቀው አስቀቡኝ። ይህን የምጽፈው ለመጸጸት አይደለም፤ ጸጸቱን ያኔውኑ በደንብ ቀምሼዋለሁ። የምጽፈው ለማመስገን ነው።

ሣጥኑን ያገኘሁት ሸርቆሌ መጠለያ ጣቢያ ይሠራ ከነበረ የዕርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ውሉ አልቆ ሲሄድ ዕቃውን አከፋፈለ። ፍሪጁን የተሻማው ብዙ ሰው ነው፤ ዓሦቹን ግን ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። እኔ ያን ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ብቻዬን የምኖር፣ ዓሣ ከጥብስ ሌላ ጥቅም ይኖረዋል ብዬ አስቤ የማላውቅ። አምስቱ ቀያይ ዓሦች በውሃ ውስጥ አፋቸውን ከፈት ዘጋ ሲያደርጉ ሳይ ግን አንጀቴን በሉትና ወሰድኳቸው።

ቤቱ የእማማ ነው። እማማ የምላቸው አከራዬን ነው፤ ባላቸው የሞቱባቸው የበርታ ሴት ሲሆኑ፣ ገበያ ማንጎ ከምትሸጥ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ረጅሙን ቤታቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን አከራዩኝ። ቤቱ አንድ በነበረ ጊዜ የተተወ የመስኮት ያህል ክፍተት በመሐሉ ግድግዳ ላይ ነበር፤ በቺፑድ ተሸፍኗል። ሣጥኑ የትም አልገባ ሲለኝ ልጃቸው ቺፑዱን ነቅላ "እዚህ ሞክሪው" አለችኝ። ልክክ አለ። እንዲህ ሆኖ ዓሦቹ የሁለት ቤት ነዋሪ ሆኑ፤ የሣጥኑ ፊት በእኔ ክፍል፣ ጀርባው በእማማ ክፍል።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ከነከነኝ። እማማ ከወገባቸው በታች ታመው የገመድ አልጋቸው ላይ ነው የሚውሉት፤ አልጋቸውም ከመስታወቱ አጠገብ ነው። ዓሦቹን ላይ ብዬ ስቀመጥ የማየው የእሳቸውን ዐይን ሆነ። ዓሣው ዞር ሲል ዐይን፣ ዓሣው ሲመለስ ዐይን። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ቁጡ ነኝ። "ሰው በገዛ ቤቱ ካልሲውን ሲያወልቅ ታዛቢ ያስፈልገዋል?" እያልኩ ብቻዬን አጉረመርም ነበር።

አራት ወር እንደምንም ቻልኩት። ከዚያ የዓሦቹ የቀድሞ ጌታ "ጀርባው ሰማያዊ ቢሆን ይደምቃሉ" ያለኝ ትዝ አለኝና ሰበብ አገኘሁ። ወረቀት በእርጥበቱ ይላቀቃል፤ ስለዚህ በር ከሚቀባበት የዘይት ቀለም አንድ ጣሳ ሰማያዊና አንድ ብሩሽ ገዛሁ። ውሃ የሞላ ሣጥን ደግሞ አይነሳም። ጀርባውን ለመቀባት እነሱ ክፍል መግባት ነበረብኝ።

ገባሁ። ሰባት ወር አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ወደ በሽተኛዋ ክፍል ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። እስከዚያ ድረስ በደጃቸው ሳልፍ "እግዜር ይማርዎ" ማለትን እንደ ጥየቃ ቆጥሬው ኖሬያለሁ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ልጃቸው በርጩማ አቀረበችልኝ፣ የከርከዴ ሻይ ቀዳችልኝ። እኔ ጣሳውን ከበርጩማው ኋላ አስቀምጬ ወደ ጉዳዬ ገባሁ።

"እማማ፣ ካልከፋዎት ይህን መስታወት ልቀባው ብዬ ነበር።"

መስታወቱን አዩ፤ እኔን አዩ። "ሁሉ?" አሉ።

"አዎ፣ ሁሉንም።"

ልጃቸው አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት በቋንቋቸው ቆጣ አሏትና ተወችው። ከዚያ "ቀባ። ቤት ያንተ ነው" አሉኝ። አማርኛን የተማሩት ከጎለመሱ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚሉት። ሌላ ቀን ያበሽቀኝ ነበር፤ ያን ዕለት ስለፈቀዱልኝ አለፍኩት። ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁ። ስጨርስ "አላህ ያበርታህ" ብለው መረቁኝ።

ዓሦቹ እውነትም ደመቁ። ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። ካልሲዬንም እፎይ ብዬ አወለቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጃቸው በሬን አንኳኳች። "ያ ጅራቱ የተቀደደው ዳነ ወይ ትላለች እናቴ።" የቱ እንደሆነ ሳላውቅ "ደህና ነው" ብዬ ሸኘኋት። በማግሥቱ ተመልሳ መጣች። "ትንሿ ዓሣ ምግብ ታገኛለች ወይ ትላለች።" "ታገኛለች" አልኳት። እንዲህ እያለች በየጠዋቱ ተመላለሰች። በዘጠነኛው ቀን በስጨት ብዬ ጎንበስ አልኩና ሣጥኑን አየሁ። እውነትም የአንደኛው ጅራት ተቀዷል። ትንሿን ደግሞ ትልቁ እያባረረ ምግብ ያስቀራታል፤ ጎኗ ተጣብቋል። ባለቤታቸው እኔ፣ የሚያውቋቸው እማማ።

ልጃቸውን አስገብቼ እውነቱን እንድትነግረኝ ያዝኳት። እናቷ አዳልጧቸው ከወደቁ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ደጅ አልወጡም። የክፍላቸው መስኮት የሚያሳየው የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ነው። ዓሦቹ ከመጡ ጀምሮ ግን በየጠዋቱ ይቆጥሯቸው፣ ማን ከማን እንደተጣላ ለጠያቂው ሁሉ ያወሩ ነበር። ከተቀባ ወዲህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ገንፎውን ሁለቴ ቀምሰው ይመልሱታል።

"እንዲህ ከሰነበተች አትቆይልኝም" አለችኝ።

"ታዲያ እስካሁን ለምን አትነግሪኝም?" ብዬ ጮህኩባት። ጥፋቱም የእኔ፣ ጩኸቱም የእኔ።

"እህቴ፣ እሷ ዘንድ ለጥየቃ ገብተሽ ነዋ የለመንሻት። በእኛ ቤት በሽተኛ ሊያይ የመጣ ሰው የለመነው አይከለከልም። እሺ ካለች በኋላ እኔ ዞሬ ባስከፋሽ እሷን ማዋረድ ነው።"

ለካ ፊታቸው የበራው ልታየኝ መጣች ብለው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሳልውል ሳላድር ምላጭ፣ የሳሙና ውሃና ጨርቅ ይዤ ገባሁ። እማማ እንደተባለው ፊታቸውን አዙረው ተኝተዋል።

"እማማ፣ ቀለሙን ልፍቀው መጣሁ።"

ቀስ ብለው ዞሩ። "ለምን? ሰማያዊ ቆንጆ ነው።"

"እርስዎ ዓሦቹን እንዲያዩ።"

እጃቸውን ዘርግተው የመስታወቱን እኩሌታ ነኩ። "ላይ ፋቅ። ታች ተው።"

"ታቹ ምን ይሠራል?"

"ታች ያንተ አልጋ አለ። አንተ ታለቅሳለህ፣ እኔ አያለሁ። ሰው ሲያለቅስ፣ ሌላ ሰው ማየት ጥሩ አይደለም። ቀለም ይዘህ ስትመጣ፣ ደግ፣ ልቅሶውን ይሸፍን፣ አልኩ።"

ያን ዓመት እናቴን ቀብሬ ነበር። ከሰፈራ መንደራችን ከለቅሶው ተመልሼ ሥራ ስጀምር ሰው ፊት እንባ አልወጣኝም፤ "ጠንካራ ናት" አሉኝ፣ እኔም አመንኩ። አመሻሹ ላይ፣ በመስታወቱ አይታይም ባልኩት ዝቅተኛ አልጋዬ ላይ ተደፍቼ የማለቅሰውን ማንም አያውቅብኝም ብዬ ነበር። አንዳንድ ጠዋት የእማማ ልጅ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር በሣህን ይዛ "ተረፈን" እያለች ትሰጠኝ ነበር። ሲተርፋቸው አልነበረም፤ ባለቀስኩ ማግሥት ነበር። ከቀባሁት ወዲህ ሣህኑ ቀርቷል፤ እኔ ግን ተቀይመውኝ ነው ብዬ አኩርፌ ነበር። የሚያዩትን አንድ ነገር ለእኔ ገመና ብለው ተዉልኝ፤ ያን ያህል ሰው አስቦልኝ እንደሚያውቅ አላስታውስም። እናቴ ከሞተች ወዲህ እናት እንዳለኝ የተሰማኝ ያን ሰዓት ነው። እግዜር ነፍሳቸውን ይማር፤ ዛሬም ባመሰግናቸው አልጠግብም።

"ሁሉንም ነው የምፍቀው" አልኩ። "ባለቅስም ይዩኝ።"

"አንተ ራስህ ድንጋይ ነው" አሉና ሳቁ።

የዘይት ቀለም ሲቀቡት እንጂ ሲፍቁት ቀላል አይደለም። ሁለት ምላጭ ሰበርኩ፣ አውራ ጣቴን ቆረጥኩ። መዳፍ የምታህል ቦታ ስትጠራ እማማ "ቆይ" አሉ። ልጃቸው ከኋላ ደግፋ ቀና አደረገቻቸው። ጅራቱ የተቀደደውን ዓሣ ይፈልጋሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው በዓሦቹ መሐል አሻግረው ወደ ክፍሌ አዩ። የሚፈልጉት አልጋዬን ነበር።

"ማንም የለም" አሉ ወደ እኔ ዞረው። "ደግ ነው። ዛሬ እዚህ ነህ።"