የሽመክት ሴራሚክና የመብረቅ እግር

ሽመክት ዓለምነው በሕይወቱ አንድ ጠላት ብቻ ነበረው፤ ጭቃ። አገው ምድር፣ ፋግታ ውስጥ በእበት በተለቀለቀ ወለል ላይ ተወልዶ፣ እዚያው ወለል ላይ ዳዴ ብሎ፣ ካደገ በኋላ ግራር እየተከለ፣ ግራር እየቆረጠ፣ ከሰል እያከሰለ ሀብታም ሆነ። ጥላሸቱን ከፊቱ ባጠበ ዕለት ለጭቁኑ መደብ የነበረው ታማኝነት አብሮ ታጥቦ ወረደ። ቆሰበር ከተማ ላይ ቦታ ገዛ፤ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አቆመ። ከዚያ ወዲህ ዘመዶቹ ከአገሩ ከአዲስ ቅዳም ሊጠይቁት ሲመጡ የሚያየው ፊታቸውን አልነበረም፤ ጫማቸውን ነበር።

ከድሮ ኑሮው ሳያፍርበት ይዞት የመጣው ውሻውን መብረቅን ብቻ ነው። ውሻ ይባል እንጂ ጥጃ ነው የሚያህለው። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ቡችላ ሳለ የሰጠው፣ ዘሩ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ፣ ሲንጠራራ መዳፉ የሰው ትከሻ ላይ የሚያርፍ ፍጥረት። ሽመክት ከከሰሉ ክምር ሥር ጋቢውን ተከናንቦ እንቅልፍ በወሰደው ቀን፣ ነፋሱ ዞሮ ጢሱ ሊያፍነው ሲል፣ ጋቢውን ነክሶ እየጎተተ ሜዳ ላይ ያወጣው ይህ ውሻ ነው። የተቀደደው ጋቢ እስከ ዛሬ አለ። ታሪኩን ሽመክት ለሰማውም ላልሰማውም ይናገራል፤ መጨረሻው ላይ ዓይኑን ይጠርጋል። ሚስቱ ደጊቱ ስትወልድ እንኳ አልጠረገውም።

እናም አዲሱ ቤት ሊያልቅ ሲል «መብረቅ ደጅ አያድርም፤ ከእኔ ጋር ሳሎን ነው» ብሎ ማለ። የቆሰበር ዝናብ ለውሻም ለሰውም አይራራም፤ ጅቡም ያው ነው።

«ውሻ ከገባበት ቤት ጸበል የሚረጭልን የትኛው ቄስ ነው?» አለች ደጊቱ።

«መብረቅ ውሻ አይደለም» ብሎ ዘጋት።

የወለል ንጣፍ ሊመርጡ ባልና ሚስት ማናለብሽ ሱቅ ሄዱ። ማናለብሽ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ናት፤ የደንበኛዋን ልብ አይታ ነው ዕቃ የምታወርደው።

«ወለሉ ላይ የሚቆም ከባድ ነገር አለ? ፍሪጅ? ቁም ሳጥን?»

«ውሻ አለ» አለ ሽመክት።

ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። «ምን ያህል ቢሆን ነው?»

«አንቺንም እኔንም አንድ ላይ ይጥላል» አለች ደጊቱ። «እህቴ፣ ሸካራ ነገር የለሽም? ጥፍር የሚይዝ።»

ማናለብሽ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ግራጫ ሴራሚክ አሳየቻቸው። «ይኼ ለበረንዳ ነው፤ ዝናብ ቢወርድበትም አያንሸራትትም። ካልሆነም ሊሾ ሲሚንቶ አስፈስሳችሁ፣ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ማስጫር ነው።»

ሽመክት «ሲሚንቶ» ሲባል የአባቱ ስም ተነሥቶ የተሰደበ መሰለው። «እኔ መጋዘን ነው እንዴ የምሠራው? ይኼ ሸካራሽ ለሽንት ቤት ይሁን። ለሳሎን ፊቴን የሚያሳየኝን አምጪ!»

«ፊትህን ለማየት መስታወት አይሻልም፣ አያ ሽመክት?» አለች ደጊቱ።

ማናለብሽ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም። በነጋዴና በከበርቴ ምኞት መካከል ቅራኔ የለም። ነጭ ሆኖ ወርቃማ ጅማት የተሳለበት፣ ሲያዩት የሚያጥበረብር ሴራሚክ ከካርቶኑ አወጣችና «ይኼ እኮ የሆቴል ነው» አለችው። ሽመክት ተማረከ። ባንዲራውን ሳያውለበልብ፣ አንዲት ጥይት ሳይተኩስ።

ሴራሚኩ ተነጠፈ። መብረቅ በደስታ እየሮጠ ገባ፤ እግሮቹ ወዲያው ለአራት አውራጃ ተመደቡ። በሆዱ እየተንሸራተተ ሳሎኑን አቋርጦ ከቡፌው ጋር ተላተመ፤ ብርጭቆው ሁሉ ተንጫጫ።

«ይለምደዋል» አለ ሽመክት። ስለ ሕዝብም እንዲህ ይባላል።

ውሻው አልለመደም። ጥፍሩ እየተንቋቋ ግድግዳውን ታክኮ መሄድ ጀመረ። ምግቡ መሀል ሳሎን ከተቀመጠ ጾሙን ይውላል። ከዚያ ሁሉ ቤት ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሸካራው የተነጠፈበት ሽንት ቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ከተመ። እንግዳ ቀበቶውን እየፈታ ይገባል፤ ቀበቶውን ይዞ እየሮጠ ይወጣል።

አንድ ቀን ጠዋት መብረቅ ኮሪደሩ ላይ ወድቆ መነሣት አቃተው። የእንስሳት ሐኪም ተጠራ። ዳሌውን ዳሰሰ፣ የኋላ እግሩን አጠፈ፣ ዘረጋ፤ ከዚያ ወለሉን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጅማቱ ተጎድቷል። ይድናል፤ ግን እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ክፉኛ ቢወድቅ የኋላ እግሩን ደህና ሁን በለው። ወይ ወለሉን ቀይር፣ ወይ ውሻውን አውጣ።»

ቀላል ምርጫ ይመስላል። ከበርቴ ግን ከሁለት አንዱን ምረጥ ሲባል ሦስተኛ ይፈልጋል። የቤቱ ምርቃት ደርሶ ነበር፤ የአገሩ ፈረሰኞች ሊመጡ ነው። ሽመክት ደግሞ አንድ የሞባይል ቪዲዮ ላይ አንድ ባለጠጋ በሚያብረቀርቅ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ትልቅ ውሻ እግሩ ሥር ተጋድሞ አይቷል። ከዚያ ሥዕል በቀር ሌላ አልፈለገም።

ሽመክት የፈረሰኛ ዘር ነው፤ በአራት እግር የሚሄድ ሁሉ ለእሱ ፈረስ ነው። መጀመሪያ የፈረሱን ግላስ ከግድግዳ አውርዶ አነጠፈለት። ያ ያጌጠ ጨርቅ መብረቅን እንደ ጀልባ ጭኖ እስከ መስኮቱ አደረሰው። እግዜር ሲል አልወደቀም። ከዚያ የሽማግሌ ምክር ፍለጋ ወጣ። አያ ኪዳኑ ከኮርቻ ወድቀው የማያውቁ የታወቁ ፈረሰኛ ናቸው።

«አያ ኪዳኑ፣ ፈረስ የሚያንሸራትተው ምን ላይ ነው?»

«ለስላሳ ድንጋይ ላይ።»

«ደልቶት የሚሄደውስ?»

«ሳር ላይ ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ጠጥተሃል እንዴ?»

ሽመክት ጉልበታቸውን ስሞ ሮጠ። እርሳቸው የተጠየቁት ስለ ፈረስ ነው፤ ስለ ፈረስ መለሱ።

በምርቃቱ ዕለት ከጥርባ በኩል የታጨደ ቄጤማ በባጃጅ ተጭኖ መጣ፤ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። ሽመክት ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር አለበሰው።

«አንተ ሰውዬ፣ ከሳሩ ሥር እኮ አፈር የለም!» አለች ደጊቱ።

«አንቺ ስለ ፈረስ ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ፈረስማ አላውቅም። ወለሉን የምወለውለው ግን እኔ ነኝ።»

ይህ የሠርቶ አደሩ ድምፅ ነበር። እንደ ልማዱ በድምፅ ብልጫ ተሸነፈ፤ ድምፅ የሰጠው አንድ ሰው ነው።

እንግዶቹ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው እየተጠነቀቁ ገቡ። አያ ኪዳኑ አንድ እርምጃ ገብተው፣ በጫማቸው ጫፍ ሳሩን ሞክረው፣ «ለእኔ እዚህ ይበቃኛል» ብለው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሽመክት አዲስ ጋቢ ለብሶ መሀል ሳሎን ቆመ። የጢሱን ታሪክ ተናገረ። አሮጌውን ጋቢ አሳየ። ዓይኑን ጠረገ።

«አሁን ራሱን ታዩታላችሁ። መብረቅ! ና!»

መብረቅ ከበረንዳው ላይ የበሩን ደፍ አይቶ ቁጭ አለ።

«ና እንጂ!»

«ያኔ የጎተተህ ሌላ ውሻ እንዳይሆን» አለ ከእንግዶቹ አንዱ፤ ሳቅ ዞረ።

የሽመክት ጆሮ ቀላ። «መብረቅ! ና ብያለሁ!»

ጌታው ጠርቶት ቀርቶ የማያውቅ ውሻ ነው። ተነሣ። የፊት እግሩን ሳሩ ላይ አኖረ፤ እግሩ ሸሸ። የታመመው ዳሌው ተንቀጠቀጠ፤ እያነከሰ ሊከተል ተዘጋጀ፤ ዓይኑ ከሽመክት ፊት አልተነሣም። ያኔ ሽመክት እንግዶቹን ረሳ። የሐኪሙ ቃል ጆሮው ላይ ጮኸ። «ተው! እንዳትገባ!» ሲል በከሰሉ ዘመን በሚያናግረው አገውኛ አንባርቆበት ሊያስቆመው ሮጠ።

ከሳሩ ሥር አፈር አልነበረም።

ከፈረስ ወድቆ የማያውቀው ሽመክት በሳሎኑ ወደቀ። በጀርባው እየተንሸራተተ፣ ቄጤማውን ከፊቱ እየከመረ፣ አያ ኪዳኑን አልፎ ደፉ ጋ ደረሰ።

«እኔ እኮ ፈረስ ነው ያልሁት!» አሉ አያ ኪዳኑ እግራቸውን እየሰበሰቡ።

መብረቅ የፊት እግሩን ወደ በረንዳው መለሰ። አዲሱን ጋቢ በጥርሱ ያዘ፤ ጎተተ። ከሴራሚኩ አወጣው፣ ከበረንዳው አወረደው፣ ግቢው መሀል ጭቃ ላይ ለቀቀውና ፊቱን ላሰው።

መሳቅ የደፈረ አልነበረም፤ ደጊቱ በሩ ላይ ቆማ እስክትናገር ድረስ።

«እንግዲህ ለሚቀጥለው እንግዳ ስትተርክ ሁለት ጋቢ ታሳያለህ።»

ከዚህ በኋላ ሴራሚኩን አስነቀለ ብሎ የሚጠብቅ ካለ ከበርቴን አያውቅም። ሳሎኑን ቆለፈው። ቤተሰቡን ይዞ ከጓሮ ወዳለው ማድ ቤት ገባ፤ ወለሉን ደጊቱ በገዛ እጇ በእበት የለቀለቀችው፣ ልክ እንደተወለደበት ያለ። ወለል ለረጋጩ! ሴራሚኩም በበኩሉ ነፃ ወጥቷል፤ ማንም አይረግጠውም፤ እንግዳ በመስኮት ያየዋል።

መብረቅ ምድጃው አጠገብ ይተኛል። ማነከሱ ለቆታል፤ በር ሲንኳኳ እስከ አጥሩ ይሮጣል። የአዲስ ቅዳም ዘመዶች በጭቃ ጫማቸው ሲመጡ ሽመክት ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ፊታቸውን እያየ፣ «ግቡ፣ ጫማ አታውልቁ» ይላቸዋል። ይህንንም ደግነት ይለዋል።