የእናቴ ጆሮ፣ የአባቴ ካራ

ባለፈው ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ውስጥ አንዲት ሸክላ ሻጭ የእንስራዋን ሆድ በጣቷ አንጓ ኳ ስታደርግ ሰማሁና፣ ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ ቆምኩ። እንስራው ደህና ነበር፤ የተሰነጠቀ ሸክላ እንዲያ ጠርቶ አይጮህም። ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ከዚያ በኋላ ከአሸተን ማርያም ግርጌ የነበረችው፣ በጥላሸት የጠቆረችው የልጅነት ቤታችን ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ቀኑን ሙሉ አልወጣ አለችኝ፤ የማስበውን ሁሉ ጨርሼ ማታ ስተኛ ድንጋይ ተሸክሜ እንደዋልኩ ሁሉ ዝዬ ነበር።

አባቴ ቀጥቃጭ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በጋ ገብቶ፣ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ከብት ይዘው ወደ ተከዜ ቆላ ወርደው ሜዳ የሚያድሩ ሰዎች ካራ ሊያሠሩ ወደ ቤታችን ይመጡ ነበር። የእነሱ ካራ የሽንኩርት መክተፊያ አይደለም፤ እሾህ መልምሎ የማደሪያ አጥር ያጥራል፣ ማገዶ ይፈልጣል፣ ፍየል ያርዳል፣ ቢቸግር መሬት ይቆፍራል። አባቴ ኩልመስክ መንገድ ላይ ገደል ገብቶ ከቀረ የጭነት መኪና ባሌስትራ እያመጣ፣ ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ወናፉን እየነፋለት፣ ያንን ብረት አግሎ ሲቀጠቅጥ፣ ውሃ ውስጥ እየነከረ ሲያጠነክር ይውል ነበር። እናቴ ሳትፈትነው ግን አንድም ካራ ከደጃችን አይወጣም ነበር።

ካራውን በክር አንጠልጥላ በጥፍሯ ትመታውና ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ድምፁ ቶሎ ከሞተ ውስጡ ስንጥቅ አለው ማለት ነው። ቀጥላ ጫፉን በበራችን መቃን ስንጥቅ ውስጥ ትከትና ወደ ጎን ታጎብጠዋለች፤ ጎብጦ የቀረውን «ውሃ አልጠጣም»፣ ቀጭ ያለውን «ውሃ በዝቶበታል» ብላ ወደ እሳት ትመልሰዋለች፣ እንደ ነበረ ቀጥ የሚለውን ብቻ ታስቀረዋለች። እጀታውንም ጆሮዋ ሥር ይዛ ትወዘውዘዋለች፤ አንዳንድ ቀጥቃጭ ብረቱን አሳጥሮ በሙጫ ያጣብቀው ስለነበር፣ «ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ካልደረሰ ምኑን ካራ ሆነ!» ትል ነበር። ቡዳ ናቸው እያሉ ከእኛ ጋር እንጀራ የማይቆርሱ ሰዎች ሁሉ የእናቴን ጆሮ ያምኑ ነበር። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ እያዳመጥኩ ደህናውን ከመጥፎው መለየት ለመድኩ።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ቀጥቃጭም እንደ ማንም ሰው እኩል ነው ተባለና፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አባቴን «ጓድ ጌጡ» እያለ ይጠራው ጀመር። ምን ዋጋ አለው፣ እኩልነቱ መጀመሪያ ቤታችን የገባው በውትድርና ነው። በልጉ ሲጥል ዘማች ተመረጠና የደምሴ ስም ከሁሉ በፊት ተጠራ። ሊቀመንበሩ ግን ከአገሩ ለሚወጡት ዘማቾች ካራ ስለፈለገ፣ ወናፍ የሚነፋ ሌላ ሰውም ስለሌለን፣ ካራዎቹ ተሠርተው፣ በእናቴ ተፈትነው እስኪያልቁ ደምሴ እንዲቆይ ፈቀደ።

በልጉ አለፈ፣ ካራዎቹ ግን አላልቅ አሉ። አባቴ ሠርቶ በሰጣት ቁጥር እናቴ በጥፍሯ ትመታውና ራሷን ነቅንቃ ትጥለዋለች። አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት አንዱን ስትመታው ድምፁ ረጅም ሆኖ፣ ጥርት ብሎ ወጣ። «እማዬ፣ ይኼ እኮ ደህና ነው» ልል አፌን ስከፍት፣ በቀሚሷ ሥር እግሬን ክፉኛ ረገጠችኝ። «ተሰንጥቋል» አለችና ክምሩ ላይ ወረወረችው። ያን ጊዜ ገባኝ። አባቴም ገብቶታል፤ ሌላ ብረት አንሥቶ እሳት ውስጥ ከተተ።

ክረምቱ ከባድ ነበር። የጌጡ እጅ ረከሰ ተብሎ ተወራ፤ ደንበኞቻችን እስከ ኮን ድረስ እየሄዱ ሌላ ቀጥቃጭ ዘንድ ማሠራት ጀመሩ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የነበረው ሀብት ስሙ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለልጁ ብሎ በእናቴ አፍ ሲያስረግጠው፣ እህል እየተወ ከሳ። እናቴ እያየችው ታለቅሳለች፣ በነጋታው ግን ያመጣላትን ካራ መልሳ ትጥለዋለች። ደምሴ ወናፉን እየነፋ ሁለቱንም ያያል።

መስከረም ሲጠባ ሊቀመንበሩ ከሚሊሻዎቹ ጋር መጣ። «ጓድ ጌጡ፣ ምን ነካህ?» አለ ክምሩን በከዘራው እየነካካ፤ «ይኼን ሁሉ ብረት አበላሽተህ ትዘልቀዋለህ?»

አባቴ አንገቱን ደፋ። «ምን ላድርግ ጌታዬ» አለች እናቴ፣ «የሰው ልጅ ይዞት ዘምቶ ቢሰበርበትስ?»

ያን ጊዜ ደምሴ ከወናፉ ተነሣ። ከክምሩ አንዱን ካራ አንሥቶ ጫፉን መቃኑ ውስጥ ከተተና በሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎ አጎበጠው። ሲለቀው ቀጥ አለ። ሌላም አነሣ፣ ቀጥ አለ። እናቴ መቀነቷን ጨብጣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየኋት፤ እንዲሰበር እየለመነች ነበር። ሁሉም ቀጥ አሉ።

«አባዬ ሥራ አያበላሽም» አለ ደምሴ፣ ሊቀመንበሩን ሳይሆን አባቴን እያየ። «ይውሰዷቸው። እኔም መጣሁ።»

ደምሴ ዘምቶ በዚያው ቀረ። የአባቴ ስም ተመለሰ፤ ኮን የሄዱትም ደንበኞች ተመለሱ፤ እሱም የታዘዘውን ሁሉ ይሠራ ነበር። እናቴ ካራ መፈተን ተወች። ሰው ሲያቀርብላት እጇን ሳትዘረጋ «ደህና ነው» ትለዋለች።

ዛሬ ልጄ ከሱቅ የሚገዛው ካራ ያብረቀርቃል፤ ብረቱ ፕላስቲክ እጀታው ውስጥ የገባው ጥፍር ታህል ነው፣ ከርሞ እንኳ አይገኝም። በተሰበረበት ቁጥር «አንቺ የምታውቂ፣ ምነው መርጠሽ ብትገዢልን?» እያለ ይቆጣኛል። እኔ ስብርባሪውን ለቅሜ እጥላለሁ። ያኔ ከአባቴ ካራዎች አንዱ እንኳ ቀጭ ቢል ኖሮ፣ ደምሴ ትንሽ በቆየ ነበር።